ስታንዳርድ ሞዴል ፈርሷል ወይስ ተጠናቋል? ቅንጣት ፊዚክስን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የንዑስ አቶም ቅንጣቶችን ፊዚክስ በደንብ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ግን የማነበው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጭብኛል። አንዱ በ2012 ሂግስ ቦዞን ሲገኝ ስታንዳርድ ሞዴል ተጠናቋል፣ የቀረ ነገር የለም ይላል። ሌላው የሙዮን ሙከራና የደብልዩ ቦዞን ልኬት ሞዴሉን አፍርሰውታል ይላል። ማንን ልመን? ቲዎሪውን ጨርሼ ነው ወደ ሙከራ የምሄደው ወይስ በተቃራኒው? ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሌላውን ተዪና በቀጥታ ስትሪንግ ቲዎሪ ጀምሪ› አለችኝ። ጄኔቫ ያለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ ካልገባሁስ ይህን መማር ትርጉም አለው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ወሬ ልክ አይደለም። ስታንዳርድ ሞዴል፣ ማለትም የታወቁትን መሠረታዊ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ያሉትን ኃይሎች የሚገልጸው ቲዎሪ፣ አልፈረሰም፤ ሂግስ ቦዞን ከሚተነብያቸው ቅንጣቶች በመጨረሻ የተገኘው ነው። የቀረ ነገር የለም የሚለውም ውሸት ነው። የጓደኛሽ ምክር ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በጥያቄሽም በምላሼም ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

«ፈረሰ» ከሚለው እንጀምር፤ ትልቁን ትምህርት የያዘው እሱ ነው። ሙዮን ኤሌክትሮንን በሁሉም ነገር የሚመስል፣ መጠነ ቁሱ ግን 207 እጥፍ ገደማ የሆነ ቅንጣት ነው። ቻርጅና ስፒን (እንደ ሽክርክሪት ያለ ውስጣዊ ባሕርይ) ስላለው እንደ ትንሽ ማግኔት ይሠራል። የዲራክ እኩልታ የዚህን ማግኔት ጥንካሬ የሚለካው ቁጥር ልክ 2 ነው ይላል። ተለክቶ ሲታይ ግን 2.00233 እያለ ይቀጥላል። ትርፏ የምትመጣው ሙዮኑ በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ከሚታወቁት ቅንጣቶች ሁሉ ጋር ስለሚነካካ ነው። ገና ያላወቅነው ቅንጣት ካለም እዚያችው ትርፍ ውስጥ አሻራውን ይተዋል። ሰዎች ይህን ቁጥር እስከ ብዙ አሃዝ ድረስ የሚያሳድዱት ለዚህ ነው።

ልኬቱ የተሠራው ፌርሚላብ በተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ዲያሜትሩ 14 ሜትር በሆነ የማግኔት ቀለበት ነው። ሙዮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው በቀለበቱ ይዞራሉ። የቆመ ሙዮን በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ይኖራል፤ እዚያ ቀለበት ውስጥ ግን በአንጻራዊነት ምክንያት 64 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ሲዞር የስፒኑ አቅጣጫ ከራሱ ጉዞ ትንሽ ቀድሞ ይዞራል። እዚያ የሚዞሩት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ሙዮኖች ስለሆኑ ሙዮኑ ሲፈርስ ፖዚትሮን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ጸረ ቅንጣት፣ ይወጣል፤ ስፒኑ ወደፊት ሲያይ የፈረሰው ሙዮን ፖዚትሮን ደግሞ ከፍ ያለ ኢነርጂ ይዞ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ኢነርጂ ያላቸውን ፖዚትሮኖች በየጊዜው ብትቆጥሪ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ፍጥነትና የማግኔቱ ጥንካሬ ያቺን ትርፍ ይሰጡሻል። ሙከራው በቃ ይኸው ነው። ለዓመታት የተለፋው ማግኔቱን በትክክል በማወቅ ላይ ነው።

በሚያዝያ 2021 የፌርሚላብ ውጤት ብሩክሄቨን ከተባለው ሌላ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ የቀድሞ ልኬት ጋር ተደምሮ ወጣ። ከቲዎሪው የነበረው ርቀት 4.2 ሲግማ ሆነ፤ ሲግማ ልዩነቱ የስህተት ህዳጉን ስንት እጥፍ እንደሆነ ይለካል፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ዜናው ሁሉ «አዲስ የተፈጥሮ ኃይል ፍንጭ» አለ። በዚያው ቀን ግን አንድ የቲዎሪ ቡድን በሱፐር ኮምፒውተር የሠራውን ስሌት አሳተመ፤ የእሱ ቁጥር ለሙከራው ይቀርብ ነበር። ይህኛው ዜና ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከቲዎሪው ስሌት ውስጥ አስቸጋሪው የኳርኮች (እንደ ፕሮቶን ያሉትን የሚሠሩት ቅንጣቶች) እና እነሱን የሚያጣብቁት የግሉኦኖች ድርሻ ነው፤ በእርሳስና በወረቀት አይወጣም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ግጭት የተለካ መረጃ ወስዶ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ሌላው ቦታንና ጊዜን በነጥቦች ከፋፍሎ በሱፐር ኮምፒውተር ማስላት ነው፤ ላቲስ ይባላል። 4.2 ሲግማ ያሰኘው የመጀመሪያው መንገድ ነበር። በ2023 ኖቮሲቢርስክ ያለው ሲኤምዲ-3 የተባለ ሙከራ ያንኑ የግብዓት መረጃ ለክቶ ከቀደሙት ጋር የማይገጥም ቁጥር አወጣ። ማለትም «ቲዎሪው» የቆመበት መረጃ ራሱ ሊስማማ አልቻለም። በ2025 የቲዎሪ ሰዎቹ የጋራ ትንበያቸውን በላቲስ ላይ መሠረቱ፤ ቁጥሩም ወደ ሙከራው ተጠጋ። በሰኔ 2025 ፌርሚላብ የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ ትክክለኛነቱ ከቢሊዮን 127 ደርሶ ነበር። ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። የቲዎሪው የስህተት ህዳግ አሁን ከሙከራው አራት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ የመጀመሪያው መንገድ ለምን እንዳልተስማማም ገና አልተፈታም። የቤት ሥራው የቲዎሪ ሰዎች ሆኗል። አንቺ መያዝ ያለብሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቲዎሪ ትንበያም እንደ ሙከራው የስህተት ህዳግ አለው፣ ብዙ ጊዜም የሌላ ሙከራ መረጃ ውጦ ነው የሚወጣው። «ሙከራው ከቲዎሪው ተጋጨ» የሚል ስትሰሚ መጀመሪያ የምትጠይቂው የትኛው ቲዎሪ፣ በየትኛው መረጃ ተሰልቶ የሚለውን ነው።

የደብልዩ ቦዞኑ (ደካማውን የኑክሌር ኃይል ከሚያስተላልፉት ቅንጣቶች አንዱ ነው) ታሪክ አጠር ይላል። በ2022 ሲዲኤፍ የተባለው ቡድን፣ በ2011 ከተዘጋው የፌርሚላብ ማጋጫ፣ ቴቫትሮን፣ በሰበሰበው መረጃ፣ መጠነ ቁሱ 80,433 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኢነርጂና መጠነ ቁስ መለኪያ) ነው አለ፤ ህዳጉ 9 ገደማ። ስታንዳርድ ሞዴል የሚጠብቀው ግን 80,357 አካባቢ ነው። ርቀቱ 7 ሲግማ፤ ጉድ ተባለ። በ2024 ሲኤምኤስ፣ በሰርን ትልቁ ማጋጫ በኤልኤችሲ ላይ ያለ ሙከራ፣ ተመሳሳይ ትክክለኛነት ባለው ልኬት 80,360 አገኘ፤ እዚያው ያለው ሌላ ሙከራ አትላስም ከሞዴሉ ጋር የሚስማማ ቁጥር ነው ያለው። አሁን ብቻውን የቀረው ሲዲኤፍ ነው። የት ላይ እንደተለየ ማንም በእርግጠኝነት አላሳየም፤ ለኔ ግን ሚዛኑ ግልጽ ነው።

እንዲህ ብቅ ብለው የጠፉ ብዙ ናቸው። በታኅሣሥ 2015 በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የሜጋው ሺህ እጥፍ፤ ከዚህ በኋላ ጂኢቪ እላለሁ) ላይ በሁለት ፎቶኖች መረጃ ውስጥ ጉብታ ታየ፤ ሌላ መረጃ ሲጨመር በነሐሴ 2016 ውሃ በላው። በመሃል በመቶዎች የሚቆጠሩ የቲዎሪ ጽሑፎች ተጽፈውለት ነበር። በመጋቢት 2021 ኤልኤችሲቢ የተባለው ሙከራ ኤሌክትሮንና ሙዮን እኩል አይስተናገዱም የሚል የ3.1 ሲግማ ፍንጭ አወጣ፤ በታኅሣሥ 2022 ራሱ ቡድኑ አረመው፤ ኤሌክትሮን የመሰሉ ሌሎች ቅንጣቶች በሚገባ አልተለዩም ነበር። በ2011 ኒውትሪኖ፣ ቻርጅ የሌለውና ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት፣ ከብርሃን ፈጠነ ተብሎ ዓለም የተንጫጫበት ጉዳይ ዋና ሰበብ በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር።

ስለዚህ ሲግማን ማንበብ ልመጂ። 3 ሲግማ ማለት አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከ740 ጊዜ አንዴ ሊወጣ የሚችል ነገር ነው። 5 ሲግማ ከ3.5 ሚሊዮን አንዴ። 740 ትልቅ ይመስላል፤ ግን አንድ ትልቅ ሙከራ በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎችን ይፈልጋል፣ የሆነ ቦታ 3 ሲግማ ባይወጣ ነው የሚገርመው። ደግሞ ሲግማ የሚነግርሽ ስለ አጋጣሚ ብቻ ነው። ገመዱ መላላቱን አይነግርሽም።

አሁን ወደ «የቀረ ነገር የለም»። ስታንዳርድ ሞዴል መጀመሪያ ሲጻፍ ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ የለውም ብሎ ነበር። በ1998 ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ከዚያ ካናዳ ያለው ኤስኤንኦ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀያይሩ አሳዩ፤ መጠነ ቁስ ከሌላቸው ይህ አይሆንም። የ2015 ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ነው። መጠኑ ስንት ነው? ካትሪን የተባለው የጀርመን ሙከራ በ2025 ባወጣው ውጤት ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም ይላል፤ ኤሌክትሮን ከዚህ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ለምን እንዲህ አነሰ? አይታወቅም። ኒውትሪኖ የራሱ ጸረ ቅንጣት ነው ወይስ አይደለም? አይታወቅም። በጋላክሲዎች ውስጥ ስበቱ የሚታየው ጥቁር ቁስ ምንድነው? ኤልዜድና ዜኖን-ኤንቲ በቶን የሚቆጠር ፈሳሽ ዜኖን ከመሬት በታች ቀብረው እየጠበቁት ነው፤ እስካሁን አልመጣም። ቁስ ለምን ከጸረ ቁስ በለጠ? ኤልኤችሲቢ በ2025 ባሪዮኖች (እንደ ፕሮቶን ከሦስት ኳርኮች የተሠሩ ቅንጣቶች) ውስጥ የቁስና የጸረ ቁስ ልዩነት ለመጀመሪያ ጊዜ አስመዘገበ፤ ግሩም ውጤት ነው፣ ግን በሞዴሉ ውስጥ የሚጠበቅ ዓይነት ነው እንጂ ጥያቄውን አይፈታም። ሂግስ ራሱ ከራሱ ጋር እንዴት እንደሚነካካ እንኳ ገና በቅጡ አልተለካም፤ ከ2030 አካባቢ ጀምሮ የሚሠራው የተሻሻለው ኤልኤችሲ አንዱ ዋና ሥራው ይህ ነው። «አለቀ» የሚል ሰው ሂግስን እንደ መጨረሻ ገጽ ቆጥሮት ነው።

ወደ አጠናኑ እንምጣ። ቲዎሪ ይቅደም ሙከራ የሚለው ጥያቄሽ ራሱ መስተካከል አለበት። ይህ ትምህርት ሁለት ክፍል የለውም። አንድ ቁጥር ያዢና ከዲቴክተሩ (ቅንጣቶቹን ከሚመዘግበው መሣሪያ) እስከ እኩልታው ድረስ ተከተዪው፤ ቲዎሪውም ሙከራውም እዚያው ይጠብቁሻል። እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ።

ሲኤምኤስ ከ2014 ጀምሮ እውነተኛ የግጭት መረጃውን ለማንም ሰው በነፃ እየለቀቀ ነው። ለትምህርት ተብሎ የተዘጋጀ፣ 100 ሺህ ግጭቶች የያዘ ትንሽ ፋይል አለው። አውርጂው። አንዱ ረድፍ አንድ ግጭት ነው፤ ከግጭቱ የወጡት ሁለት ሙዮኖች ኢነርጂ፣ በሦስት አቅጣጫ የተከፈለ ሞመንተምና ቻርጅ ተጽፎበታል። መልሱን የያዘ ዓምድም መጨረሻ ላይ አለ። እሱን አትዪው፤ ለማረጋገጫ ይቆይሽ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የሁለቱን ኢነርጂ ደምረሽ ስኩዌር አድርጊ። ሞመንተማቸውን በየአቅጣጫው ደምረሽ የድምሩን ስኩዌር ከመጀመሪያው ቀንሺ። ከዚያ ስኩዌር ሩት። ሁለቱ ሙዮኖች ከአንድ ቅንጣት መፍረስ የመጡ ከሆነ የምታገኚው የዚያን ቅንጣት መጠነ ቁስ ነው። በእጅሽ ሞክሪው፤ እያንዳንዳቸው 45.6 ጂኢቪ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢበሩ ሞመንተማቸው ይጣፋል፣ መልሱ 91.2 ነው። ያንኑ ኢነርጂ ይዘው በ90 ዲግሪ ቢለያዩ 64.5 ይሆናል። በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ቢበሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ልዩ አንጻራዊነትን ክፍል ውስጥ የተማርሽው ያለምክንያት እንዳልሆነ የሚገባሽ እዚህ ጋ ነው።

ይህን ለ100 ሺውም ረድፍ በፓይተን አስሊና ሂስቶግራም ሥሪ። ሁለቱንም ዘንግ በሎጋሪዝም አድርጊ፤ አለዚያ ግማሹ አይታይሽም። 3.1 ላይ ቀጥ ያለ ጉብታ ይወጣል፤ ጄ/ፕሳይ ነው፣ በኅዳር 1974 ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ያገኙትና ቻርም ኳርክን ያስመሰከረው። 9.5 አካባቢ ኡፕሲሎን አለ፣ የቦተም ኳርክ ምስክር፣ 1977። መጨረሻ ላይ 91 አካባቢ ሰፋ ያለ ጉብታ፤ ዚ ቦዞን፣ የደብልዩ ቦዞን ወንድም። የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ በአንድ ሥዕል ላይ። እኔ እስካሁን ሳየው ደስ ይለኛል።

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ያቆማል። አንቺ አታቁሚ፤ ቁም ነገሩ ከጉብታው ቦታ ይልቅ ስፋቱ ላይ ነው። ቅንጣት ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ጉብታው ይሰፋል፤ ይህ ኳንተም ሜካኒክስ ነው። የዚ ተፈጥሯዊ ስፋት 2.5 ጂኢቪ ያህል ነው። የጄ/ፕሳይ ግን 0.000093 ጂኢቪ ብቻ። ሂስቶግራምሽ ላይ ግን ጄ/ፕሳይ ከዚህ በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ ሰፍቶ ታይዋለሽ። ለምን? ያ ስፋት የቅንጣቱ አይደለም፤ ዲቴክተሩ ሞመንተምን በመለካት የሚስተው ነው። በሌላ አነጋገር ጄ/ፕሳይ የሚነግርሽ ስለ ዲቴክተሩ ነው። ዚ ላይ ደግሞ ሁለቱ ስፋቶች ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ዝም ብለሽ ብትለኪ ከ2.5 የሚበልጥ ቁጥር አግኝተሽ «አዲስ ግኝት» ትያለሽ። ስንቱ ተማሪ ወድቆባታል።

አሁን ለምን ስፋቱ ልብ እንደሚሰቅል ልንገርሽ። ዚ ወደ ብዙ ነገር ይፈርሳል፤ ወደማይታዩት ኒውትሪኖዎችም ጭምር። አንድ የኒውትሪኖ ዓይነት በተጨመረ ቁጥር ስፋቱ በ0.166 ጂኢቪ ያድጋል፣ የጉብታው ቁመት ደግሞ በ13 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ኤልኢፒ የተባለው የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ማጋጫ፣ ዛሬ ኤልኤችሲ ባለበት 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ፣ ከ1989 ጀምሮ ይህን ለካ። አራቱ ሙከራዎች አንድ ላይ 17 ሚሊዮን የዚ መፍረስ መዘገቡ። መልሱ ሦስት ሆነ። ዚ የሚፈርስበት፣ መጠነ ቁሱ ትንሽ የሆነ ኒውትሪኖ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው ያለው፤ አራተኛ የለም። አንድም ኒውትሪኖ ሳይያዝ ተቆጠሩ ማለት ነው። ይህን ለማለት ግን የማጋጫውን ኢነርጂ በትክክል ማወቅ ነበረባቸው። ጨረቃ በምትፈጥረው የመሬት ማዕበል ቀለበቱ ዙሪያው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጥና ይኮማተር ነበር፤ ያ በኢነርጂው ላይ ይታይ ነበር። በአካባቢው ከሚያልፉ ፈጣን ባቡሮች የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክም ማግኔቶቹን ያውክ ነበር። ሁሉም ተገኝቶ ታረመ። ሙከራ ማለት እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፤ አንድ ሰው እኩልታውን ሲጽፍ ሌላው ባቡር ይቆጥራል።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛ ቁጥር ያዢ፣ ወደ ቲዎሪው ይበልጥ የሚያስገባሽን። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲጋጩ ወይ ሁለት ሙዮን ይወጣል ወይ ኳርኮች ወጥተው ወደ ሃድሮኖች (ከኳርኮች የተሠሩ ቅንጣቶች) ይለወጣሉ። የሁለተኛውን ብዛት ለመጀመሪያው አካፍዪ። በጣም ቀላሉ የፋይንማን ሥዕል (የቅንጣቶችን መነካካት በመስመር ሥሎ የማስሊያ ዘዴ) ይህ ውድር የኳርኮቹ ቻርጅ ስኩዌር ድምር ነው ይላል። አፕ፣ ዳውንና ስትሬንጅ ለሚባሉት ሦስት ኳርኮች ድምሩ 2/3 ነው። የሚለካው ግን 2 አካባቢ ነው። ሦስት እጥፍ! ምክንያቱም እያንዳንዱ ኳርክ በሦስት «ቀለም» ይመጣል፤ ይህ በዓይን የሚታይ ቀለም ሳይሆን የቻርጅ ዓይነት ነው። ኢነርጂው ጨምሮ ቻርም ሲገባ ወደ 10/3፣ ቦተም ሲገባ ወደ 11/3 ይዘላል። ትክክለኛው ልኬት ከነዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያቺን ትንሽ ልዩነት ለማስረዳት ግሉኦን ያስፈልግሻል። ይህን በወረቀት ላይ ራስሽ አውጥተሽ ከፓርቲክል ዳታ ግሩፕ ሥዕል ጋር ስታስተያዪ የ«ቀለም» ነገር ተረት መሆኑ ይቀራል።

በቲዎሪ በኩል የሚያስፈልግሽ ቅደም ተከተል አጭር ነው። አራት ልኬት ያለው የአንጻራዊነት ስሌት፣ ኳንተም ሜካኒክስ እስከ ስፒንና ፐርተርቤሽን፣ ከዚያ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ወደ ሙዮን የሚለወጡበትን ስሌት በኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ መሥራት። አንድ ጊዜ በእጅ። ከዚያ በኋላ ነው የጌጅ ሲሜትሪ፣ የሂግስ አሠራርና ሪኖርማላይዜሽን ትርጉም የሚሰጡት። ኳንተም ፊልድ ቲዎሪን በሙሉ ጨርሼ ልመለስ ካልሽ አትመለሺም፤ ያ ትምህርት አያልቅም። ስታቲስቲክስን ግን እንዳትዘይው፤ የዚህ ሙያ ግማሹ እሱ ነው፣ አብዛኛው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ደግሞ በአግባቡ አያስተምረውም።

ስትሪንግ ቲዎሪን፣ ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክሮች የሚያየውን ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብ፣ አልንቅም። ከሱ የወጡ የሂሳብ መሣሪያዎች ሌላ ቦታም ጠቅመዋል። ግን ኳንተም ፊልድ ቲዎሪና አጠቃላይ አንጻራዊነት ሳይኖርሽ አይነበብም፤ ዛሬ ባሉት ማጋጫዎች የሚፈተን የተለየ ትንበያም አላስገኘም። ከሙከራ ጋር ላጥና ለሚል ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያኔ ከፈለግሽ በኋላ ግቢበት።

ሰርንን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ ሙከራዎች የአንድ ሕንፃ ሥራ አይደሉም። በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ በጋራ የሂግስን መጠነ ቁስ ሲያሳትሙ የደራሲዎቹ ቁጥር 5,154 ነበር፤ ከ33 ገጹ ምርምሩ 9 ገጽ ነው፣ የቀረው የስምና የተቋም ዝርዝር። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከየዩኒቨርሲቲያቸው ነው። መረጃው በኔትወርክ ይመጣል፣ ስብሰባው በቪዲዮ ነው። አዲስ ጽሑፍም ሳይታተም ከ1991 ጀምሮ ባለው አርካይቭ ላይ በነፃ ይነበባል። ስለዚህ መግባት ያለብሽ ሰርን ሳይሆን ከአንድ ሙከራ ጋር የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነው።

ወሰኑንም ልንገርሽ። በተለቀቀ መረጃ አዲስ ቅንጣት አታገኚም፤ መረጃው ዓመታት ያለፈው ነው፣ የዲቴክተሩን ውስጣዊ ጉድለት በሙሉ የሚያውቁትም ቡድኖቹ ናቸው። መረጃው ሁሉም ነገር አለበት ብለሽም አታስቢ። ኤልኤችሲ ውስጥ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፤ የሚቀመጠው ጥቂት ሺው ብቻ ነው። ትሪገር የሚባለው ሥርዓት የቀረውን ወዲያው ይጥላል፤ የተጣለ አይመለስም። በሂስቶግራምሽ የሚታየው የተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን የትሪገሩም ምርጫ ነው። ከሥራ አንጻርም ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው፣ የአንድ ትልቅ ሙከራ ዕድሜም ከሐሳብ እስከ ውጤት አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በመንገድ ላይ የምታገኚው የመረጃ ትንተናና የፕሮግራሚንግ ችሎታ ግን ሌላ ቦታም ያበላል።

በእጅሽ የምትነኪው ነገር ካማረሽ ሙዮን ከሰማይ በነፃ ይዘንባል፤ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ገደማ። የትምህርት ክፍልሽ ሲንቲሌተር (ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ቁስ) እና የብርሃን ሴንሰር ካለው ያቺን 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ራስሽ መለካት ትችያለሽ። ክላውድ ቻምበር (የቅንጣት ዱካ በጭጋግ ላይ የሚያሳይ ሳጥን) ለመሥራት ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ ደረቅ በረዶ በባዶ እጅ አይነካም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ይጥላል፣ አልኮሉም እሳት አጠገብ አይቀመጥም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ይህን ዓመት ለሁለቱ ቁጥሮች ስጪው፤ ለዚ ስፋትና ለዚያ ውድር። በሳምንት ሁለት ቀን ለመረጃው፣ ሁለት ቀን ለእጅ ስሌቱ፣ ሳይቀላቀሉ እንዳይከርሙ በአንድ ደብተር ላይ። ዓመቱ ሲያልቅ የሠራሽውን አሥር ገጽ ጽፈሽ፣ በሙከራ ላይ ለሚሠራ መምህር አሳዪና የምረቃ ሥራሽን በዚያ ላይ ጠይቂ። ስትሪንግ፣ ሱፐርሲሜትሪ፣ የዩቲዩብ ክርክር እስከዚያ ይቆዩ። ዛሬ ማታ ፋይሉን ከፍተሽ 91 ላይ ጉብታ ካላየሽ ደግሞ ከስኩዌር ሩቱ በፊት መቀነስ ያለብሽን ደምረሽው እንዳይሆን እዪ።